የወፏ ቀፈስ፣ ተባዩና የሌሊቱ ንክሻ

ጠዋት ስትነሺ አንገትሽ፣ ክንድሽና ወገብሽ ላይ ትናንሽ ቀይ ነጠብጣብ ታያለሽ። ቀኑን ሙሉ ያሳክክሻል። ማዳም ስታይ ፊቷን ታጨማድድና «ትኋን ይዘሽ መጣሽ» ትላለች። ፍራሽሽ ይጣላል፣ ልብስሽ በጥቁር ላስቲክ ይታሰራል፣ ከልጆቹ ራቂ ትባያለሽ። በዚህ ምክንያት ብቻ ወደ ኤጀንሲ የተመለሰች እህት አውቃለሁ። በዚያ ሁሉ ግርግር አንድ ነገር ሳይታይ ይቀራል፤ ከመኝታሽ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ኩሽናው በረንዳ ላይ፣ የካናሪዋ ቀፈስ ተሰቅሏል።

ይህ ትምህርት ስለዚያ የሽቦ ቤት ነው። ብዙዎቻችን የምንተኛው ኩሽና ውስጥ፣ በኩሽና በረንዳ ወይም በልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ወፏም ሳሎን ውስጥ ፍሬ ትበትናለች፣ ትጮኻለች እየተባለ የምትቀመጠው እዚያው ነው። ስለዚህ በወፏ የመጣ ተባይ ከቤቱ ሰው ሁሉ በፊት የሚያገኘው አንቺን ነው።

ተባዩን ማወቅ

ወፍ ባለበት ቤት ሌሊት ሰው የሚነክሰው ብዙ ጊዜ ቀዩ የወፍ ተባይ ነው። ዐረብ ወፍ አርቢዎች «ፋሽ» ይሉታል። አገር ቤት ከዶሮ ማደሪያ እንቁላል የሰበሰበች ሁሉ ታውቀዋለች፤ እጅ ላይ እንደ አቧራ ወጥቶ የሚሮጠው፣ በተለምዶ የዶሮ ቅማል የምንለው ዓይነት ነው። ስምንት እግር ስላለው ከነፍሳት ሳይሆን ከመዥገርና ከሸረሪት ወገን ይቆጠራል። ትልቁ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ሳይበላ ግራጫ ነው፤ ደም ሲጠግብ ይቀላል፣ ቆይቶ ይጠቁራል።

ቀን ቀን ወፏ ላይ አታገኚውም። በሽቦው መጋጠሚያ፣ በመቆሚያው እንጨት ጫፍ፣ በትሪው ሥር፣ ቀፈሱ በተሰቀለበት ሚስማር ዙሪያና በግድግዳው ስንጥቅ ተደብቆ ይውላል። መብራት ሲጠፋ ይወጣል፣ ከወፏ ደም ይጠጣል፣ ወደ ስንጥቁ ተመልሶ እንቁላሉን ይጥላል። ሙቀት ባለበት ቦታ ከእንቁላል ተነስቶ ለአካለ መጠን ለመድረስ አንድ ሳምንት አካባቢ ይበቃዋል። ሳይበላ ደግሞ ለወራት መቆየት ይችላል። «ወፏን ለሰው ሰጠናት፣ ንክሻው ግን አልቆመም» የሚባለው ለዚህ ነው። እንዲያውም ወፏ ስትሄድ ሊብስ ይችላል፤ የለመደውን ሲያጣ ወደ ቅርብ ሰው ይሄዳል።

ስለዚህ ማዳም በቀን ብርሃን ወፏን አገላብጣ «ምንም የለባትም» ብትል ውሸት አልተናገረችም። መታየት ያለበት ሌሊት ነው። ማታ ወፏ ልትተኛ ስትል ቀፈሱን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሸፍኚ፤ አየር እንዳያጥራት ከአንድ ጎን ክፍት ተዪላት። ትሪው ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፊ። ሊነጋ ሲል፣ ገና ጨለማው ሳይገፈፍ፣ በስልክሽ መብራት የጨርቁን እጥፋትና የወረቀቱን ጠርዝ ተመልከቺ። እንደ ደቀቀ በርበሬ ያለ ቀይ ወይም ጥቁር ነጥብ ካየሽና ከተንቀሳቀሰ፣ ወረቀት ደርበሽ ደፍጥጪው። ቀይ የደም መስመር ከተወ ያው እሱ ነው። አንድ ሌሊት ብታጪው ሁለተኛና ሦስተኛ ሌሊት ሞክሪ።

ፍራሽሽንም ሳትፈሪ መርምሪ፣ እውነቱ የትም ይሁን የት ለአንቺ ይጠቅማል። ትኋን የምስር ፍሬ ያህላል፣ በዓይን ጥርት ብሎ ይታያል፣ በፍራሽ ስፌትና በአልጋ መጋጠሚያ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። ቁንጫ ይዘላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚነክሰውም ቁርጭምጭሚት አካባቢ ነው። ቤቱ ውስጥ ድመት ወይም ውሻ ካለ አስቀድመሽ እሱን ጠርጥሪ።

ቀፈሱ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ወደ ኤር ኮንዲሽነሩ ዙሪ። እርግቦች በመስኮት ኤር ኮንዲሽነር ጀርባና በበረንዳ ጥግ ጎጆ ይሠራሉ። ጫጩቶቹ አድገው ሲበሩ ጎጆው ውስጥ የቀረው ተባይ በክፍተት በኩል ወደ ቤት ይገባል። ይህን ካየሽ ንገሪ እንጂ ጎጆውን ለማውረድ ከመስኮት ውጭ አትንጠልጠዪ፤ ወንበር ላይ ቆመሽም ከበረንዳ ብረት በላይ አትውጪ። ያ የሕንፃው ጠባቂ ወይም የባለሙያ ሥራ ነው። ከፎቅ ወድቀው የሞቱ እህቶቻችን ቁጥር ጥቂት አይደለም።

ለማዳም መንገር

«ወፍሽ ቆሻሻ ናት» ካልሽ ነገሩ ወደ ጠብ ይሄዳል። እውነትም አይደለም። ፋሽ ከወፍ ገበያ ከተገዛች አዲስ ወፍ፣ ከአሮጌ ቀፈስ ወይም ከእርግብ የሚመጣ እንጂ የቆሻሻ ምልክት አይደለም። ያንን ነጭ ጨርቅ ሳታጥቢ አቆዪ። ጥቂቱን በስኮች አንስተሽ ነጭ ወረቀት ላይ ለጥፊ፣ ፎቶም አንሺ። ከዚያ ሰዎች በሌሉበት ሰዓት «ማዳም፣ ሹፊ፣ ፊ ሐሻራት ቢል ቀፈስ» በያትና ወረቀቱን ስጫት። ብዙ አታስረጂ፤ ዓይኗ ይንገራት።

የወፏን ጉዳት አስቀድመሽ ተናገሪ። ሌሊት ዕረፍት አጥታ ትንቀጠቀጥ ይሆናል፣ ራሷን ታክ ይሆናል፣ ላባዋ ሳስቶ ይሆናል። ፋሽ ሲበዛ ትንሽ ወፍ ደሟ ተመጦ እስከ መሞት ትደርሳለች። ይህን ስትሰማ ማዳም ቶሎ ትንቀሳቀሳለች። ለወፏ የራራችውን ያህል ለአንቺ አለመራራቷ እንደሚያም አውቃለሁ። ጌታ በወንጌል ድንቢጦችን ጠቅሶ ሲያስተምር የሰውን ዋጋ ከየትኛው ወገን እንዳስቀመጠ ለምታውቂ እህት ደግሞ የበለጠ ያማል። ግን ዛሬ የሚፈለገው ተባዩ እንዲጠፋና ስምሽ እንዲጸዳ ነው፤ ለዚያ ደግሞ በወፏ በኩል መግባቱ ይቀላል።

ፍሊት አይረጭም

አብዛኛው ቤት መጀመሪያ የሚዘረጋው እጅ ወደ ፍሊት ጣሳ ነው። «እንኪ፣ ረጪው» ትባያለሽ። አትርጪ። ወፍ የምትስበው አየር በሳንባዋ ብቻ ሳይሆን በሰውነቷ ውስጥ ባሉ የአየር ከረጢቶችም ያልፋል፤ ክፉ አየር ከሰው ፈጥኖ ይጥላታል። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ ካናሪ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው ለዚሁ ነው፤ እሷ ከዛለች መርዛማ ጋዝ አለ ማለት ነው፣ ሮጠው ይወጣሉ። ፍሊት ረጭተሽ ወፏ ብትሞት ጣሳውን ማን እንደሰጠሽ የሚያስታውስ አይኖርም፤ የሚታወሰው ማን እንደረጨ ነው።

ከወፏ በላይ ደግሞ አንቺ አለሽ። ኤር ኮንዲሽነር እንዳይባክን መስኮት በተዘጋበት ጠባብ ክፍል ረጭተሽ፣ እዚያው አብስለሽ፣ እዚያው ትተኛለሽ። እንቢ ለማለት በሊባኖስ «ሃይዳ ሰም፣ አስፉር ቢሙት»፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች «ሃዛ ሰም፣ አስፉር የሙት» በያት። ይህ መርዝ ነው፣ ወፏ ትሞታለች ማለት ነው። ስለራስሽ ጤና ከምትናገሪው ይልቅ ይህ ቶሎ ይሰማል።

ሦስት ነገሮች ግን ማንም ቢያዝሽ በእጅሽ አይንኩ። የመጀመሪያው አገር ቤት ለእህል የሚደረገው ዓይነት የነቀዝ ክኒን ነው፤ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንድ ቤት ለትኋን ወይም ለበረሮ ተብሎ የተቀመጠ ክኒን፣ ጋዙ በግድግዳ ቀዳዳና በአየር መተላለፊያ አልፎ ጎረቤት የተኙ ሕፃናትን ገድሏል። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይመስላል። ያ ሽታ በሌሊት ከመጣ ልጆቹን ቀስቅሰሽ ይዘሽ ውጪ፤ ፈቃድ አትጠብቂ። ሁለተኛው ክሎሮክስን ወይም ጃቬልን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር መቀላቀል ነው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሦስተኛው እንጨቱን በነጭ ጋዝ መቀባት ነው። አያቶቻችን ለትኋን ያደርጉት ነበር፤ ምድጃ ባለበት ኩሽና ግን እሳት መጥራት ነው፣ ለወፏም መርዝ ነው። የዶሮ ማደሪያ አመድስ ብትዪኝ፣ አመድ ለዶሮ ጥሩ ነው፤ ዶሮ በሰፊ ግቢ ትርገፈገፋለች። በጠባብ ቀፈስ ያለች ካናሪ ግን ብናኙን ስትስብ ትውላለች።

አጠባው

ፋሽን የሚገድለው ሙቅ ውኃ ነው። ከ60 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውኃ ተባዩንም እንቁላሉንም ይጨርሳል፤ የቧንቧው ሙቅ ውኃ ሁልጊዜ እዚያ ስለማይደርስ በማንቆርቆሪያ አፍዪ። ሥራው ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ ስለዚህ እንግዳ በሚመጣበት ቀን አትጀምሪው።

በመጀመሪያ ወፏ ትውጣ። የሚያስፈራውም እዚህ ላይ ነው፤ አምልጣ በመስኮት ብትበር የማን ጥፋት ይሆናል? ስለዚህ ከተቻለ ማዳም ወይም ትልቁ ልጅ ራሳቸው ያውጧት። አንቺ ካልሆንሽ የሚያወጣት ከሌለ መስኮትና በር ዝጊ፣ የጣሪያ ማራገቢያ አጥፊ፣ ምድጃ ላይ የሚፈላ ነገር አይኑር፣ ክፍሉን ጨለም አድርጊ። በጨለማ ወፍ ትረጋጋለች። በስስ ጨርቅ ቀስ ብለሽ ያዢያት፤ ደረቷን ግን አትጭመቂ። ወፍ የምትተነፍሰው ደረቷን እያነሳች እየጣለች ስለሆነ፣ ሳይጎዳት የሚመስለን አያያዝ አፍኖ ይገድላታል። በተበሳ ካርቶን ወይም በሌላ ንጹሕ ቀፈስ አስቀምጫት። ፀሐይ ላይ አታውጫት፤ ኤር ኮንዲሽነሩም በቀጥታ አይንፋባት።

የትሪውን ወረቀት፣ የተረፈውን ፍሬና ላባውን በላስቲክ ቋጥረሽ ወዲያው ከቤት አስወጪ፤ የኩሽናው ቅርጫት ውስጥ ካደረ ተባዩ ተመልሶ ይወጣል። ቀፈሱን መታጠቢያ ቤት ውሰጂና የሚፈታውን ሁሉ ፍቺ። የእንጨት መቆሚያና የእንጨት ጎጆ ካለ መጣልና መተካት ይሻላል፤ ርካሽ ነው፣ ተባዩም በብዛት የሚደበቀው እዚያ ነው። ካልተተካ ለብቻ በተያዘ አሮጌ ድስት ቀቅዪው። ሽቦውን በሳህን ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጊ፤ ጊዜሽን መጋጠሚያው ላይ አጥፊ እንጂ ዓይን የሚያየውን ሜዳ አታሳምሪ። ከዚያ የፈላውን ውኃ በትንሽ ማንቆርቆሪያ እያደረግሽ በየመጋጠሚያው ቀስ ብለሽ አፍስሺ። ትልቅ ድስት ሙሉ የፈላ ውኃ ተሸክመሽ እርጥብ ሰድር ላይ አትሂጂ። የፕላስቲክ ትሪ በሚፈላ ውኃ ስለሚጣመም ለእጅ በሚከብድ ሙቅ የሳሙና ውኃ ዘፍዝፊው።

ክሎሮክስ ግዴታ አይደለም። ማዳም ካልፈለገች በቀር ተዪው፤ ከፈለገች አንድ እጅ ለአሥር እጅ ውኃ አድርገሽ፣ መስኮት ከፍተሽ፣ ጓንት አድርገሽ ተጠቀሚ፣ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቂ። ቀፈሱ ፀሐይ ላይ ጨርሶ እስኪደርቅ ወፏ አትመለስ።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ በሳምንቱ ንክሻው ይመለሳል። ግድግዳው ቀርቷልና። ቀፈሱ የተሰቀለበትን ሚስማር፣ ከኋላው ያለውን ሰድር መጋጠሚያ፣ የመጋረጃውን ጫፍ፣ መቆሚያ ካለው እግሩን ሁሉ በሙቅ የሳሙና ውኃ ጥረጊ፤ ስንጥቁን በቫኪዩም ምጠጪና ከረጢቱን ወዲያው ጣዪ። አንሶላሽን፣ የትራስ ልብስሽንና የሌሊት ልብስሽን በ60 ዲግሪ እጠቢ። ፍራሽሽን ከቀፈሱ አርቂው፤ ቦታው ከጠበበ ቀፈሱ ይራቅ ብለሽ ጠይቂ።

ይህን ሁሉ በየአምስት ወይም በየስድስት ቀኑ፣ ቢያንስ ለአራት ዙር ድገሚ። ከሙቅ ውኃው ያመለጠ እንቁላል ተፈልፍሎ ሌላ እንቁላል ከመጣሉ በፊት መድረስ አለብሽ። በየመካከሉ የነጩን ጨርቅ ፍተሻ ሥሪ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ንጹሕ ካደረ አበቃ።

ወፏ ራሷ መድኃኒት ያስፈልጋት ይሆናል። ያንን የእንስሳት ሐኪም፣ «ዶክቶር ባይታሪ»፣ በክብደቷ መጠን ጠብታ አድርጎ ይሰጣታል። ካናሪ ክብደቷ ከ30 ግራም እምብዛም አያልፍም፤ አንድ ጠብታ ቢበዛ ይገድላታል። ለድመትና ለውሻ የተገዛ መድኃኒት ከመሳቢያ አውጥተው «አድርጊላት» ቢሉሽ እሺ አትበዪ። በነገራችን ላይ ለጥንቸልም እንዲሁ ነው፤ ፊፕሮኒል ያለበት የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ጥንቸልን ይገድላል፣ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ደግሞ ድመትን።

ወፏ ኩሽና ውስጥ ከሆነች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የማይጣበቀው መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ሲግል የሚወጣው ጭስ ወፍ ወዲያው ይገድላል። በአጠባው ሰሞን እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ጥፋቱ ባንቺ አጠባ ይመካኛል። የቡና ዕጣንሽንና የቤቱን ባኹር ከእሷ አርቂ።

ሌሎቹ ተባዮች

ጉንዳን የሚመጣው ለፍሬው ነው። መንገዱን በሳሙና ውኃ ጥረጊ፤ ቀፈሱ በእግር የሚቆም ከሆነ እያንዳንዱን እግር ሳሙና ጠብ ባለበት የውኃ ሳህን ውስጥ አቁሚ። ነቀዝና ትናንሽ የእሳት እራት ከተገዛው ፍሬ ጋር ይመጣሉ፤ ፍሬውን በላስቲክ አድርገሽ አንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አቆዪና በጠርሙስ ክደኚው። በረሮ ማታ ከትሪው ሥር ትገባለች፤ የተበተነው ፍሬ ከመኝታ በፊት ከተጠረገና ውኃ ካልተንጠባጠበ ይቀንሳል፤ የበረሮ ጄል ካስፈለገ ከቀፈሱ ርቆ በቁምሳጥን ማጠፊያ ይደረግ። ሃምስተር ያለበት ቤት ያለሽ ደግሞ የተኛበትን ገለባ በየሳምንቱ ለውጪ፣ የደበቀውን ምግብ ፈልገሽ አውጪ፤ ተባዩን የሚጠራው የደበቀው ነው። የትንሿ በቀቀን ምንቃር ዙሪያ እንደ ቅርፊት ከሆነ ሌላ ዓይነት ተባይ ነው፤ ሰው ላይ አይመጣም፣ ሐኪም ይየው።

መርዝ ከነካሽ

ሳትፈልጊ የተረጨበት ክፍል ገብተሽ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስታወክ፣ የምራቅና የላብ መብዛት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማሽ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጪ። የነካውን ልብስ አውልቂ፣ ገላሽን በሳሙናና በብዙ ውኃ ታጠቢ። ለማስታወክ ጣት አታስገቢ። ወተት ማርከሻ አይሆንም፤ ጊዜ ያባክናል። ጣሳውን ወይም የክኒኑን ዕቃ ካልከፈትሽው ፎቶ አንሺ፣ ሐኪሙ ስሙን ማየት አለበት። አምቡላንስ በሊባኖስ 140፣ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998፣ በኩዌት 112፣ በዮርዳኖስ 911፣ በኦማን 9999፣ በባሕሬንና በቃጠር 999 ነው። ሕክምና የማግኘት መብት አለሽ፤ የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የ2015ቱ ቁጥር 68፣ የሕክምናሽን ወጪ በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ የሊባኖስም መደበኛ ውል አሠሪው የጤና ዋስትና እንዲገባልሽ ያዛል።

የፋሽ ንክሻ ራሱ ብዙ ጊዜ አደገኛ አይደለም። ተባዩ በሰው ገላ ላይ አይኖርም፣ አይራባም። በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢ፣ ጥፍርሽን አሳጥሪ፣ አትቧጭሪው፤ ቆስሎ የሚመረቅዘው በጥፍር ነው። ቀፈሱ ከጸዳ ሁለት ሳምንት አልፎት ማሳከኩ ካልቆመ፣ በተለይ በጣቶችሽ መካከል፣ በእጅ አንጓሽና በብብትሽ ከሆነ፣ ሌሊትም ከባሰ፣ ያ እከክ ሊሆን ይችላል። እከክ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፤ በሐኪም የሚታዘዝ ቅባት አለው፣ አብሮሽ የሚኖረውም ሁሉ በአንድ ጊዜ መታከም አለበት። ሐኪም ቤት ስትሄጂ ስለ ወፏም ተናገሪ፤ ቀፈስ አጠገብ እንደምትተኚ ያላወቀ ሐኪም አለርጂ ብሎ ክኒን ብቻ ሰጥቶ ሊሸኝሽ ይችላል።